«እመኑን» ከማለት በፊት

ፖሊስ የጠራው ቤተሰቡ ራሱ ነበር። በጥር 2019 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከቴል አቪቭ በስተደቡብ ባለችው ባት ያም ከተማ የ24 ዓመቱ ቤተ እስራኤላዊ ይሁዳ ብያድጋ ቢላዋ ይዞ ከቤት ወጣ። ወጣቱ የአእምሮ ሕመም ነበረበት፤ ቤተሰቡም ለፖሊስ ደውሎ እርዳታ ጠየቀ። ፖሊስ እንደሚለው ወጣቱ ቢላዋውን ይዞ ወደ ፖሊሱ ሮጠ፤ ፖሊሱም ተኮሰ፤ ይሁዳ ሞተ። የታመመ ልጅ እንዲያድኑለት የጠራቸው ቤተሰብ አስከሬን ተረከበ። የተኮሰው ፖሊስ ላይ የተከፈተው የምርመራ መዝገብ ደግሞ ክስ ሳይመሠረት ተዘጋ።

ሕዝብ ፖሊስን ይመን ወይስ አይመን የሚለው ክርክር በእስራኤል በተነሳ ቁጥር ወሬው የሚጀምረው በተቃውሞ ሰልፍ ከተቃጠለው ጎማና ከተዘጋው መንገድ ነው። መጀመር የነበረበት ግን ከዚህ ስልክ ነው። ፖሊስን የማያምን ሰው በጭንቅ ሰዓት ፖሊስ አይጠራም፤ ዘመድ ይጠራል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ሽማግሌ ይሰበስባል። የብያድጋ ቤተሰብ መንግሥትን አምኖ ደወለ። ስለዚህ ኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤላውያን «ፖሊስን ማመን አቃታቸው» እየተባለ የሚነገረው ነገር አካሄዱን ስቷል። አመኔታው ነበር፤ ከእጃቸው የወሰደባቸው አካል አለ።

ነገሩን ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ይገባል። ዛሬ በእስራኤል ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ መነሻ ያላቸው ዜጎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ወላጆች ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ተነስተው በሱዳን በረሃ በእግር የተጓዙ ናቸው። በመንገድ የቀሩት በሺዎች ይቆጠራሉ፤ ለመውጣት ሲሞክሩ ተይዘው በደርግ እስር ቤት የተገረፉም ብዙ ናቸው። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ ሺዎች ገቡ፤ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን ገባ። እነዚህ ወላጆች «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ያደጉ ሰዎች ናቸው። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲያዩ ዝም ይላሉ፣ ይታዘዛሉ። ባለሥልጣን ፊት ድምፅን ከፍ ማድረግ ለእነርሱ ነውር ነው። ልጆቻቸው ግን እዚያው እስራኤል ተወልደው፣ በዕብራይስጥ ተምረው፣ በአስራ ስምንት ዓመታቸው ጦር ሠራዊት የገቡ ናቸው። አገሩ የራሳቸው ነውና በአገራቸው መንገድ ላይ «አንተ፣ ና፣ መታወቂያ» ሲባሉ ለምን ብለው ይጠይቃሉ። መጠየቃቸው ደግሞ ልክ ነው።

በሚያዝያ 2015 ሆሎን ከተማ ላይ የሆነው ይህን ግልጽ አድርጎ አሳየ። ዳማስ ፓካዳ የሚባል ወታደር የሠራዊቱን ደንብ ልብስ እንደለበሰ በብስክሌቱ መንገድ ላይ ሳለ አንድ ፖሊስና አንድ በጎ ፈቃደኛ ያዙትና መሬት ላይ ጥለው ደበደቡት። ፖሊስን አጠቃህ ተብሎ የታሰረው ወታደሩ ራሱ ነው። ያዳነው የጥበቃ ካሜራ ነበር። ምስሉ ሲወጣ ተለቀቀ፤ አገሩም ተናወጠ። ግንቦት 3 ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በቴል አቪቭ የአያሎንን አውራ ጎዳና ዘግተው ወደ ራቢን አደባባይ ተሰበሰቡ፤ ፖሊስም በፈረስ፣ በውኃ መርጫና በድምፅ ቦምብ በተናቸው። በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ወጣቱን በቢሯቸው ተቀብለው አነጋገሩት። እጅ ተጨባበጡ፤ ፎቶ ተነሱ። በሰኔ ወር ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ የሁዳ ቫይንሽታይን ፖሊሱ አይከሰስም ብለው ወሰኑ።

አገር ሁሉ ያየው ምስል ፍርድ ቤት ሳይደርስ ቀረ። ካሜራ በሌለበት ጨለማ መንገድ ላይ ለሚመታው ልጅ እናት ምን ይነገራታል? ፖሊስን እመኚ የሚላት ሰው መጀመሪያ ለዚህ መልስ ይስጣት።

በካሜራ ያልተቀረጸው ነገር እንዴት እንደሚሄድ የማኅበረሰቡ ጠበቆች ለዓመታት ሲናገሩ ኖረዋል። ልጆች መናፈሻ ውስጥ ተሰብስበው ይጫወታሉ፤ ፖሊስ መጥቶ መታወቂያ ይጠይቃል፤ አንዱ «ምን አጠፋሁ?» ይላል፤ ድምፅ ይነሳል፤ መገፋፋት ይመጣል። በመጨረሻ ልጁ የሚከሰሰው በስርቆት ወይም በሌላ ጥፋት አይደለም፤ ክሱ የመንግሥት ሠራተኛን መሳደብ፣ ሥራ ማወክ፣ ፖሊስን ማጥቃት ይሆናል። ማለት ፖሊሱ ባይመጣ ኖሮ ወንጀሉም አይኖርም ነበር። መዝገቡ ግን ከልጁ ጋር ያድጋል፤ ወደ ጦሩ ምርጥ ክፍል እንዳይገባ፣ በኋላም ሥራ እንዳያገኝ ይከተለዋል። ይህ የጠበቆች ወሬ ብቻ አይደለም። በ2018 ፕሬዚዳንት ሪቭሊንና የፍትሕ ሚኒስትሯ አየለት ሻኬድ እንዲህ ባሉ ቀላል ክሶች የተመዘገቡ ኢትዮጵያዊ መነሻ ያላቸው ወጣቶች መዝገባቸው እንዲሰረዝ እንዲያመለክቱ ልዩ መንገድ ከፍተዋል። ይቅርታው መልካም ነበር፤ ለብዙ ልጅም መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን ይቅርታ የተጠየቀው ከበደለው ወገን አልነበረም፤ ይቅርታ የተሰጠው ለተበደለው ሆነ።

ከዚያ በፊት በ2016 የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴ 53 ምክረ ሐሳቦች የያዘ ሪፖርት አቅርቦ ነበር። መንግሥት ራሱ ያቋቋመው ኮሚቴ፣ ኢትዮጵያዊ መነሻ ባላቸው ዜጎች ላይ ከልክ ያለፈ የፖሊስ ጫና እንዳለ፣ ዘረኝነቱም የተቋም እንጂ የአንድ ክፉ ሰው ጠባይ ብቻ አለመሆኑን በጽሑፍ አሰፈረ። ወራት ሳይቆጠር የፖሊስ ኮሚሽነሩ ሮኒ አልሼይክ የጠበቆች ጉባኤ ላይ ቆመው፣ ስደተኞችና ወጣቶች በዓለም ሁሉ በወንጀል ይበልጥ ይሳተፋሉና ፖሊስ እነርሱን ይበልጥ ቢጠረጥር ተፈጥሯዊ ነው የሚል መልእክት ያለው ንግግር አደረጉ። ኮሚሽነሩ ግልጽ መሆን ፈልገው ሊሆን ይችላል፤ ችግር መኖሩንም አልካዱም። ግን የአንድ አገር ፖሊስ አዛዥ እንዲህ ሲናገር ንግግሩ ቢሮ ውስጥ አይቀርም፤ ማታ መናፈሻ ዳር የሚዞረው ወጣት ፖሊስ ጆሮ ይደርሳል፣ ፈቃድ ይሆነዋል።

ሰኔ 30 ቀን 2019 ደግሞ በሐይፋ ቂርያት ሐይም ሰፈር ሰሎሞን ተካ ሞተ። ገና ልጅ ነበር። ከሥራ ውጪ የነበረ አንድ ፖሊስ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር መናፈሻ ሳለ በወጣቶች ጠብ መሐል ገባ። ድንጋይ ተወረወረብኝ፣ ለራሴም ለቤተሰቤም ፈራሁ አለ፤ ሽጉጡን ወደ መሬት ተኮሰ፤ ጥይቱም መሬት ነክቶ ነጥሮ ሰሎሞንን መታው። ለቀናት የአገሪቱ ትላልቅ መገናኛ መንገዶች ተዘጉ፣ መኪናዎች ተቃጠሉ፣ ከመቶ በላይ ሰው ታሰረ፣ ፖሊስም ከመቶ በላይ አባላቱ መጎዳታቸውን አስታወቀ። በማያውቁት ሾፌር መኪና ላይ ድንጋይ መወርወር ጥፋት ነው፤ የማኅበረሰቡ ሽማግሌዎችም ይህን በግልጽ ተናግረዋል። ፖሊሱ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሰ፤ በ2023 ፍርድ ቤት ነፃ አወጣው።

ዳኛው በማስረጃ ነው የሚፈርደው። በወንጀል ችሎት ጥርጣሬ ለተከሳሽ ይጠቅማል፤ ይህ መብት ለፖሊስም ለጎዳና ልጅም እኩል መጠበቅ አለበት፤ የሰሎሞን ሐዘን ይህን እንድንተው አያደርገንም። ነገር ግን «ወንጀለኛ አይደለም» በሚለውና «ምንም አልተበላሸም» በሚለው መካከል ሰፊ ቦታ አለ። ሕፃናት በሚጫወቱበት መናፈሻ ጠንካራ መሬት ላይ መተኮስ ምን ዓይነት ሥልጠና ነው? የአእምሮ ሕመምተኛ ካለበት ቤት ጥሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሄደው ማን ነው? እነዚህ የወንጀል ችሎት የማይመልሳቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ቤተሰብ ግን ሌሊት የሚያስበው እነርሱን ነው። ማንም በግልጽ ሲመልስለት አልተሰማም።

መልስ መስጠት የነበረበት በዕብራይስጥ ምህጻረ ቃሉ «ማሐሽ» የሚባለው የፖሊስ ምርመራ ክፍል ነው። በ1992 ከፖሊስ ወጥቶ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር የተቋቋመው ፖሊስ ፖሊስን እንዳይመረምር ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ለረጅም ዓመታት ከመርማሪዎቹ ብዙዎቹ ከፖሊስ የመጡ ነበሩ፤ ከሚደርሱት አቤቱታዎችም አብዛኞቹ ክስ ሳይመሠረትባቸው ይዘጋሉ። በ2014 ፖሊሶች በኤሌክትሪክ መምቻ ቴዘር የመቱት ዮሴፍ ሰላምሳም ቤተሰቡ እዚያው አቤት ብሎ ነበር። ወጣቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ሕይወቱ አልፎ ተገኘ፤ አንድም ፖሊስ አልተከሰሰም።

ሌላ መንገድ መኖሩን የሰሜን አየርላንድ ታሪክ ያሳያል። እዚያ ካቶሊኮች ፖሊስን የሚፈሩበት ምክንያት ከሠላሳ ዓመት ደም የመጣ ነበር፤ በፖሊሱ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በ1999 የክሪስ ፓተን ኮሚሽን 175 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ። በ2001 የፖሊሱ ስም፣ ዓርማና የምልመላ ሕግ ተለወጠ፤ ለአሥር ዓመት ከሚመለመለው ግማሹ ካቶሊክ እንዲሆን ተደረገ፤ ድርሻቸውም ወደ 30 በመቶ ተጠጋ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የፖሊስ ዕንባ ጠባቂው ቢሮ ነው። የራሱ መርማሪዎች አሉት፤ ፖሊስ በተኮሰ ቁጥር ቦታው ላይ የሚደርሱት እነርሱ ናቸው። የመጀመሪያዋ ዕንባ ጠባቂ ኑዋላ ኦሎን በ2001 የኦማህን የቦምብ ጥቃት ምርመራ መርምረው የፖሊሱን የበላይ አዛዥ ሳይቀር በይፋ ነቀፉ። አዛዡ ተቆጡ፣ ብዙ ፖሊሶችም አኮረፉ። ፖሊስን የማያምኑ እናቶች ግን ከፖሊስ በላይ የሚጠይቅ ሰው እንዳለ ያን ቀን አዩ። ቅሬታው ዛሬም አላለቀም፤ አቤት የሚባልበት በር ግን አለ።

በእስራኤልም የተገኘ ድል አለ። «ጠበቃ» የተባለው የኢትዮጵያውያን የሕግ ድርጅት ከሌሎች ጋር ባቀረበው አቤቱታ ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2021 ፖሊስ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ መታወቂያ ማስወጣት እንደማይችል ወሰነ። ይህ በድንጋይ አልመጣም፤ በትዕግሥት፣ በወረቀትና በጠበቆች ልፋት መጣ። ለወላጆቹ ትውልድም «ለምን ትጠይቀኛለህ?» ማለት ድፍረት ሳይሆን ሕግ መሆኑን አረጋገጠ።

የቀረው ሥራ ግን የመንግሥት ነው። ማሐሽ ከዓቃቤ ሕግ ጉርብትና ወጥቶ የራሱ ሥልጣንና የራሱ መርማሪዎች ያሉት ተቋም ይሁን፤ በየዓመቱ ስንት ሰው ከየትኛው ማኅበረሰብ መንገድ ላይ ቆሞ እንደተፈተሸ ፖሊስ ያሳትም፤ የአእምሮ ሕመምተኛ ላለበት ቤት ጥሪ ሲመጣ ከፖሊሱ ጋር የሠለጠነ የጤና ባለሙያ ይሂድ። መዝገብ የሚዘጋ ከሆነም የተዘጋበት ምክንያት ከነማስረጃው ይጻፍ፤ ሁለት መስመር ደብዳቤ አይበቃም፤ ዕብራይስጥ ለማያነቡት ወላጆችም በአማርኛና በትግርኛ ተተርጉሞ እቤታቸው ይድረስ፤ ይግባኝ የሚሉበት ቀንና ቦታም እዚያው ላይ ይጻፍ።