ወርቁን አትጠቢው!

«ወንድሜ ከቻይና፣ ከጓንግዡ፣ የሰው ምስል የተቀረጸበት ባለወርቅ የግድግዳ ጌጥ አመጣልኝ። ደብዝዟል፤ የአንዳንዱም ፊት ተሸርፏል። አጥቤ ወርቃማ ቀለም ልቀባው?» ትላለች አንባቢያችን።

ኧረ በፍጹም እህቴ! የቻዎዡ ጠራቢዎች እንጨቱን ከፈለፈሉ በኋላ የዛፍ ሙጫ ቀብተው ስስ የወርቅ ቅጠል ይለጥፉበታል። ውሃና ሳሙና ካገኘው ሊረግፍ ይችላል። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ አራግፊለት፤ ከፀሐይና ከእንፋሎት አርቂው።

መጀመሪያ ግን ጀርባውን ገልብጠሽ እዪ፤ የመሮ ምልክት ከሌለው በማሽን የተሠራ አዲስ ሊሆን ይችላል። አሮጌ ከሆነ መሸረፉ አያሳፍርሽ፤ ከ1966 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. በነበረው የባህል አብዮት ብዙ ጥንታዊ ቅርጻ ቅርጽ ሆን ተብሎ ተሰባብሯል። ጠባሳው ታሪኩ ነው። አዲስ ቀለም ግን ታሪኩንም ዋጋውንም ይዞ ይሄዳል። ባዶ ግድግዳ ላይ ለብቻው ስቀዪው፤ ያምርብሻል!