የታደሰ ሞተር በሚኒሞ አይገራም

«ሞተሩ ገና አዲስ ነው፤ ዛሬን በሚኒሞ ይዋል፣ ጭነት እንዳታስነኩት!» ሞተር ያሳደሰ ሁሉ ይህን ሰምቷል። መካኒኩም ይለዋል፣ ጎረቤትም ይለዋል። እኔ ግን ኪስ የሚያራቁት ምክር ነው እላለሁ።

ባለፈው በጋ ፎገራ ላይ አንድ አርሶ አደር በግ ሸጦ የውኃ ሞተሩን አሳደሰ። ካምሻፍትና ፋሻ ተቀየረ። እንደተመከረው ቀኑን ሙሉ ያለ ጭነት በሚኒሞ አዋለው። ወር ሳይሞላ ጉልበት አጣ። ሽንኩርቱ ራስ በሚይዝበት ሰዓት ውኃ ቀረ። ሲከፈት የካምሻፍቱ ጉብታ ተበልቷል። መካኒኩ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» አለና ተገላገለ። ፎርጅድ ዕቃ መኖሩን አልክድም፤ ግን ደህናውም እንዲህ ከተያዘ ይበላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉብታውና ታፔቱ በስፕሪንግ ተጨቁነው ይፋተጋሉ። በብዙዎቹ ሞተሮች እዚያ የሚደርሰው ዘይት ኮሎው ሲሽከረከር የሚረጨው ነው። በሚኒሞ ርጭቱ ትንሽ ነው፤ ብረት በብረት ይፋጫል። ፋሻውንም ከሲሊንደሩ ጋር የሚያላምደው የቃጠሎው ግፊት ነው። ጭነት ከሌለ ግፊቱ ይደክማል፣ ሲሊንደሩ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፣ ሞተሩ ዘይት ይበላል።

«ወይፈንስ የመጀመሪያ ቀን ይጠመዳል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ከባድ መሬት ላይ አይጠመድም። ጋጣ ታስሮ የተገራ ወይፈን ግን አሳዩኝ!

ስለዚህ ሞተሩ ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ። አዲስ ካምሻፍት ከአሮጌ ታፔት ጋር አይገጠም፤ አሮጌው የድሮውን ጉብታ ቅርጽ ይዟል። ጉብታውና የታፔቱ መቀመጫ የመገጣጠሚያ ቅባት ይቀባ። ዘይቱ አዲስ ይሁን፤ «ለመጀመሪያው የተቃጠለ ይበቃል» የሚላችሁን አትስሙ። ናፍጣው አየር የሌለው፣ ፓምፑም ውኃ የሞላ ይሁን፤ ደረቅ ፓምፕ ሲሉን ያቃጥላል። ደጋግሞ ማስነሳት ቅባቱን ይጠርገዋልና አንዴ ይነሳ።

እንደተነሳ ከሚኒሞ አውጡት። በደቂቃ 2000 ዙር የሚሠራ ከሆነ 1500 ገደማ ላይ፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ፣ ውኃ እየሳበ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሥራ። ሙሉ ጋዝ ለዛሬ ይቅር። የዘይት ግፊቱንና ሙቀቱን ተከታተሉ፤ ችግር ካለ ወዲያው አጥፉት እንጂ በሚኒሞ አታቆዩት። ከዚያ ዘይቱን በትኩሱ አፍስሱና በነጭ ጨርቅ አጥሉት። ደቃቅ ግራጫ ዱቄት ብቻ ከሆነ አዲስ ዘይት ሞልታችሁ ወደ ማሳችሁ ሂዱ። ስንጣሪ ብረት ካያችሁ ግን ሳታስነሱ መካኒኩን ጥሩት፤ የቀሪውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ተነጋገሩ።