ስለ ፍሬን ሸራ አመራረጥ



ከመርጡለ ማርያም የተጫነ ጤፍ አዲስ አበባ ለመድረስ በቢቸናና በደጀን አልፎ የዓባይን በረሓ መውረድ አለበት። ከአዲስ አበባ የሚመጣውም ሸቀጥ እንደዚሁ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ይወርዳል። ቁልቁለቱ በሁለቱም ወገን ከ1,000 ሜትር በላይ ነው።

ባለፈው ዓመት የአሠሪዬ መኪና ጭነቱን እንደ ያዘ ወደ ድልድዩ ሲወርድ ፍሬኑ ጨሰ። ሾፌሩ አስቀድሞ በከባድ ማርሽ ይዞ ስለ ነበር መኪናውን ዳር አስጠግቶ ራሱንና ረዳቱን አተረፈ። ያን ሸራ በዋጋው ርካሽነት መርጬ የገዛሁት እኔ ጸሐፊው ነበርኩ፤ ከዋጋው የተረፈውም ብር እስከ ዛሬ በመዝገቤ ላይ በቍጠባ ስም ተጽፎ ይገኛል።

ዐሥር ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ተይዞ ቢወርድ፣ የሚፈጠረው ሙቀት 250 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ታምቡሩና በብረቱ ላይ የሚቸነከረው ሸራ ናቸው። በሸራው ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ከመጠን በላይ ሲግል ጋዝ ያወጣል፤ የመያዝ ኀይሉም ይቀንሳል። ስለዚህ በጋራዥ ደጃፍ ሲሞከር አጥብቆ የያዘ ሸራ በበረሓው መካከል ሊከዳ ይችላል።

ይህን አስቀድሞ ለመገመት የሚረዳ ምልክት አለ። በብዙ ሸራዎች ጎን ላይ በታተመው ጽሑፍ መጨረሻ ሁለት የላቲን ፊደላት ይገኛሉ። የመጀመሪያው ሸራው በመጠነኛ ሙቀት ያለውን የሰበቃ መጠን፣ ሁለተኛው እጅግ ሲግል የሚኖረውን ያመለክታል። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ማለት ነው። እንግዲህ «ኤፍ ኢ» የተባለው ሲግል ይደክማል፤ «ኤፍ ኤፍ» ግን በደረጃው ይጸናል።

ከፍተኛው ፊደል ሁልጊዜ ይሻላል ማለቴ አይደለም። ለመኪናው ከታዘዘው በላይ የሚይዝ ሸራ ጎማ ሊያስር ይችላል፤ የቀኙና የግራው ከተለያየም መኪናውን ወደ አንድ ወገን ይስባል። ፊደላቱም ሸራው ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል አይናገሩም።

«ጥሩ ሾፌር ካለ ሸራ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ባለንብረቶች አሉ። በከባድ ማርሽ መውረድ የፍሬኑን ሙቀት እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሾፌሩ ፍሬን በረገጠ ጊዜ የሚተማመነው እኛ በገዛንለት ሸራ ነው።

ስለዚህ ምክር ቤታችን አስመጪዎችና የመለዋወጫ ነጋድያን ሁለቱን ፊደላት በደረሰኝ ላይ እንዲጽፉ፣ እንዲሁም ብናኙ የመካኒኮችን ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ በሸራው ውስጥ መኖር አለመኖሩን እንዲገልጹ ያሳስብልን ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። እኛም ገዢዎች ይህ ያልተጻፈበትን ደረሰኝ አንቀበል። እኔ በበኩሌ በግዥ መዝገቤ ከዋጋው ቀጥሎ ለሁለቱ ፊደላት አንድ ዐምድ ከፍቻለሁ።