ከክራንቤሪው እንክብል በፊት

በዚህ ጽሑፍ ከዓመታት በፊት የሰጠሁትን አንድ ምክር ማረም እፈልጋለሁ። ምክሩን የሰጠሁት በጌዴኦ ዞን፣ በጌዴብ ወረዳ፣ ወርቃ ለምትኖር የአጎቴ ልጅ ነው። እርሷ በመኸር ወራት በአንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ በቀን ሥራ እየተቀጠረች፣ ከማድረቂያው አልጋ ዳር ቆማ ብልሹውን ቡና ስትለቅም ትውላለች። ሽንቷን ማቃጠል ከጀመራት ቆይቷል፤ ተሻለኝ ስትል ከጥቂት ወራት በኋላ ያገረሽባታል። ጎረቤቱ «ብርድ ነው» ይላታል፤ እርሷም ተልባና አብሽ ትጠጣለች፤ ሲብስባት ከመድኃኒት መደብር ኪኒን ገዝታ ትውጣለች። በዚህ መካከል አሜሪካ የምትኖረው እህቷ የክራንቤሪ እንክብል በሰው እጅ ላከችላት። «ወንድሜ፣ የተማርከው አንተ ነህ፤ ልዋጠው ወይስ ልተወው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ብዙ ሳላመነታ «ገንዘብ ማባከኛ ነው፤ ተይው» አልኳት።

ይህን ያልኩት ያለማስረጃ አልነበረም። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመረምረው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ግምገማ 24 ጥናቶችን መርምሮ ክራንቤሪ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን በመከላከል ረገድ ይህ ነው የሚባል ጥቅም እንደሌለው ደምድሞ ነበር። ይሁንና ሳይንስ በአንድ ድምዳሜ ላይ ተተክሎ አይቀርም። ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ግምገማውን ሲያድስ የጥናቶቹ ቁጥር 50፣ የተሳታፊዎቹም 8,857 ደርሶ ነበር፤ ድምዳሜውም ተለወጠ። ኢንፌክሽኑ በሚመላለስባቸው ሴቶች ላይ ክራንቤሪ የማገርሸቱን ዕድል በ26 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በሕፃናት ላይ የታየው ቅነሳ ደግሞ ከዚህም የበለጠ ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ «ተይው» ማለቴ ስሕተት ነበር ማለት ነው።

26 በመቶ ሲባል ግን ምን ያህል እንደሆነ ማስተዋል ይገባል። ለምሳሌ ያህል፣ ከ100 ሴቶች በ40ዎቹ ላይ በዓመት ውስጥ ሕመሙ የሚያገረሽ ቢሆን፣ ክራንቤሪ ሲወስዱ ቁጥሩ ወደ 30 ይወርዳል። አሥር ሴቶች ከሥቃይ ይድናሉ፤ ሠላሳዎቹ ግን እንክብሉን እየዋጡም ይታመማሉ። ተአምር አይደለም፤ ከንቱም አይደለም።

አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት። ክራንቤሪ በሰሜን አሜሪካ ረግረጋማና አሲዳማ መሬት ላይ የሚበቅል፣ በአገራችን የማይታወቅ ቀይ ፍሬ ነው። ቀደም ሲል ሽንትን አሲዳማ በማድረግ ባክቴሪያን ይገድላል ተብሎ ይታመን ነበር። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተደረጉት ምርምሮች ግን ሌላ መንገድ አመለከቱ። የዚህ ሕመም ዋነኛ መንስኤ የሆነው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በአካሉ ዙሪያ ጸጉር የመሰሉ ቀጫጭን ክሮች አሉት። ጭጎጎት በጋቢ ላይ እንደሚጣበቅ ሁሉ፣ ባክቴሪያውም በእነዚህ ክሮች የሽንት ፊኛን ግድግዳ ይዞ ይቀመጣል። በፍሬው ውስጥ የሚገኙት ፕሮአንቶሲያኒዲን የተባሉት ውሑዶች ይህን መጣበቅ ያሰናክላሉ፤ ያልተጣበቀውንም ሽንት ጠርጎ ያወጣዋል። ከዚህ የምንረዳው ክራንቤሪ የሚከላከል እንጂ የያዘ ኢንፌክሽንን የሚፈውስ አለመሆኑን ነው። ከዚህም ባሻገር በጥናቶች በብዛት የሚጠቀሰው መጠን በቀን 36 ሚሊ ግራም ፕሮአንቶሲያኒዲን ሲሆን፣ በገበያ ላይ ያሉት እንክብሎች ይዘታቸው እጅግ የተለያየ ነው። በስኳር የተሞላውን ጭማቂማ ባናነሣው ይሻላል።

ይህ ጸሐፊ ከሁሉ ይልቅ የሚቆጨው ግን ስለ እንክብሉ በሰጠው መልስ አይደለም፤ ሳይጠይቅ ባለፈው ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት አለ። ያላረጡ፣ ሕመሙ የሚመላለስባቸው፣ በቀን ከ1.5 ሊትር ያነሰ የሚጠጡ 140 ሴቶች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየቀኑ 1.5 ሊትር ውሃ ጨምረው ጠጡ፤ ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው ቀጠሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ውሃ የጨመሩት በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲታመሙ፣ ያልጨመሩት 3.2 ጊዜ ታመሙ። የወሰዱት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም በግማሽ ገደማ ቀነሰ። (ጥናቱን በገንዘብ የደገፈው የታሸገ ውሃ የሚሸጥ ኩባንያ መሆኑ አይዘንጋ፤ ከክራንቤሪ ጥናቶችም ብዙዎቹ የፍሬው ነጋዴዎች ድጋፍ አለባቸው። አንባቢ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ይመዝናቸው ዘንድ ነው ይህን ማንሣቴ።)

አዲሱን ግምገማ ካነበብኩ በኋላ ወደ ወርቃ ስሄድ ይህን ጥያቄ አነሣሁላት። «በቀን ምን ያህል ውሃ ትጠጫለሽ?» አልኳት።

«ጧት ቡና ጠጥቼ እወጣለሁ፤ እስክመለስ አልጠጣም» አለችኝ።

«ለምን?»

«ብጠጣ የት እሄዳለሁ?»

በሥራ ቦታዋ ለሴትና ለወንድ አንድ መጸዳጃ ብቻ ነበር፤ እርሱም መዝጊያው ከተነቀለ ወቅት አልፎታል። ስለዚህ ሴቶቹ አይጠጡም፤ የመጣባቸውንም ይዘው ይውላሉ። ከእነርሱ በጥቂት ሜትሮች ርቀት እሸት ቡና ሲታጠብ ውሃው በቦይ ቀኑን ሙሉ ይፈስሳል። ለአንድ ኪሎ ቡና በርካታ ሊትር ውሃ የማይነፈግበት ቦታ ላይ የምትለቅመው ሴት ተጠምታ ትውላለች። ይህን በማንኛውም የመድኃኒት ቀመር ማቃናት አይቻልም።

እዚህ ላይ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ «መጸዳጃ የምሕንድስና እንጂ የሕክምና ጉዳይ አይደለም» ይሉኝ ይሆናል። በበኩሌ ይህን አልቀበልም። ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር ያለ ምርመራ የሚዋጠው አሞክሲሲሊን ምን እያስከተለ እንደሆነ ከጎንደርም፣ ከጅማም፣ ከሐዋሳም የወጡት ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ከሽንት ናሙና የሚገኘው ኢ. ኮላይ በአብዛኛው አሞክሲሲሊንንና የቅርብ ዘመዱን አምፒሲሊንን የተላመደ ነው። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚያሳየው የሽንት ካልቸር ደግሞ ከገጠር ጤና ጣቢያ ይልቅ በትልልቅ ሆስፒታሎች የሚገኝ ነው። እንግዲህ አንድ መዝጊያ ያለው በር የሚያስቀረው እያንዳንዱ ሕመም አንድ ዙር ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ያስቀራል። ለውጭ ገበያ ቡና የሚያዘጋጅ ድርጅት የቡናውን እርጥበት በመሣሪያ እየለካ፣ የለቃሚዎቹን መጸዳጃ የሚዘነጋበት ምክንያት አይታየኝም። የዞኑ ጤናና የሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያዎችም ጣቢያዎቹን ሲጎበኙ አስቀድመው ሊያዩት የሚገባ ይህንኑ ይመስለኛል።

እንክብሉን አቅሙ ያላት፣ ሕመሙ የሚመላለስባት ሴት ከሐኪሟ ጋር ተማክራ ብትወስደው አልቃወምም። ነገር ግን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የጎን ሕመም ካለ ሕመሙ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀን እንኳ መቆየት አይገባም። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ነገሩ የተለየ ነው፤ የ2023ቱ ግምገማ ለነፍሰ ጡሮች ጥቅም አላገኘም፤ ያልታከመ ኢንፌክሽን ግን ለእናቲቱም ለፅንሱም አደገኛ ነው።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ልጅ ካስረዳኋት በኋላ፣ ያን ጊዜ የተላከላትን እንክብል ምን እንዳደረገችው ጠየቅኋት። «አንተ ተይው ስትለኝ ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቼው ቆየሁ። ባለፈው ሳምንት ለጎረቤቴ ሰጠኋት፤ እርሷንም ያቃጥላታል» አለችኝ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ልጅ ናት፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር።»

በማግስቱ ሥራ ቀርታ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛት ሄደች። የዚያን ቀን ክፍያዋ ቀረባት።