ሜዳው የሕዝብ፣ ትኬቱ የማን?

መስቀል ሲደርስ ሽሮ ሜዳ ጭር ይላል። ሸማኔው መወርወሪያውን አስቀምጦ፣ ዓመቱን ሙሉ በዕቁብ ያጠራቀማትን ገንዘብ በጉያው ሸጉጦ አውቶቡስ ተራ ይሰለፋል። ታሪፉ በአንድ ሌሊት ሽቅብ ይጎናል። ሰዉ ያማርራል፣ ይራገማል፣ ግን ይከፍላል። የጋሞ ልጅ መስቀልን ካገሩ ውጭ ማሳለፍ አይሆንለትማ! ዶርዜም ሂዱ፣ ጨንቻም ሂዱ፣ ቦንኬ ደጋ ላይ ወዳለችው ገረሴም ውጡ፣ ያው ነው።

ገረሴ የገባውን እንግዳ ብርዱና የቦርዴው ሽታ ይቀበሉታል። ለማያውቅ አንባቢ እንንገረው፤ ቦርዴ ከበቆሎ፣ ከገብስ፣ ከስንዴና ከመሳሰለው እህል በብቅል የሚዘጋጅ፣ ጌሾ የማይገባበት፣ ወፈር ያለ መጠጥ ነው። ለድሃው መጠጥም ምግብም ነው። አንድ ጠባይ አለው፤ አይቆይም። ቢበዛ አንድ ቀን ቢያድር ነው፣ ከዚያ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ቦርዴ የጠመቀች ቤት ጎረቤት መጥራቷ ግድ ነው። ብቻዬን ልጠጣው ብትል ይበላሽባታል። ደጁ ክፍት ነው፣ የመግቢያው ዋጋም “ዮ ማስቃላ!” ብሎ ሰላምታ መስጠት ነው። በቃ!

ይህን ያነሳነው ትዝታ ለመቀስቀስ አይደለም። በሌሎች ከተሞች ያየነው ነገር ወደ እነ ገረሴም እንዳይወጣ ስለሰጋን ነው። ነገሩ ምን መሰላችሁ? አጥር ነው! በዓል በደረሰ ቁጥር የሕዝብ ሜዳ በቆርቆሮ ይታጠራል። መድረክ ይተከላል፣ የቢራ ድንኳን ይደረደራል፣ ድምፅ ማጉያው ከጠዋት ጀምሮ ያምባርቃል። አንዲት ጠባብ በር ትቀራለች። በሯ ላይ ደረታቸውን የነፉ ጎረምሶች ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ ትናንት ኳስ የተጫወትክበት፣ ፍየል ያገድክበት ሜዳ ላይ ለመርገጥ ትኬት ትጠየቃለህ። “የቢራ ፌስቲቫል”፣ “የበዓል ኮንሰርት”፣ “ባዛር” እያሉ ስሙን ይለዋውጡታል። አጥሩ ግን ያው አጥር ነው።

ይህን የሚጽፈው ሰው ከቅርብ ዓመታት በአንዱ፣ በአንድ የደቡብ ከተማ፣ እንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ ተገኝቶ ነበር። ከተማዋንም አዘጋጁንም አንጠራም፤ ገመናው የአንድ ከተማ ብቻ አይደለምና። ከቀትር በኋላ ነው። ቤታቸው ከሜዳው ማዶ የሆነ አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ እንደ ልማዳቸው አቋርጠው ሊያልፉ መጡ።

“አባባ፣ ትኬት ይዘዋል?” አላቸው በረኛው።

“የምን ትኬት ልጄ?”

“የመግቢያ ነዋ! አንድ ቢራም አለው።”

“ቢራህን ተወው፣ እኔ ወደ ቤቴ ነኝ።”

አላሳለፋቸውም። ሽማግሌው አጥሩን ተከትለው፣ ግማሽ ከተማ ዞረው ሄዱ። የተሰለፈው ወጣት ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን፣ እውነቱን ለመናገር። ሲመሽ ግን ሳቁ ጠፋ። ታዋቂው ዘፋኝ መጣ ሲባል ውጭ ያለው ሕዝብ ወደ ውስጥ ገፋ። ልጆቻቸውን የያዙ እናቶች ደግሞ ግፊያውን አይተው ወደ ውጭ መጡ። መግቢያውም መውጫውም ያቺው አንዲት በር ናት! ጩኸቱ ከዘፈኑ በለጠ። አንዲት ልጅ ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቃ ክንዷ ተሸረከተ። ነጠላ፣ ጫማ፣ ቦርሳ መሬት ላይ ቀረ። በመጨረሻ ከኋላ በኩል ቆርቆሮውን ገንጥለው የጣሉት “ዱርዬ” የተባሉት፣ ትኬት መግዣ ያጡት ልጆች ናቸው። የዚያን ዕለት ሰው ያልሞተው አዘጋጁ ስለተጠነቀቀ አይደለም። እግዜር ስለጠበቀ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው፤ ሒሳብ ተቃዋሚም ደጋፊም አይደለም። አንድ ደንበኛ የኳስ ሜዳ 105 ሜትር በ68 ሜትር ነው፤ 7,140 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ሲሶውን ለመድረክ፣ ለድንኳንና ለመኪና ብንቀንስለት 4,760 ካሬ ሜትር ይቀራል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 2 ሰው ቢቆም 9,500 ሰው ገደማ ይይዛል። ስለ ሕዝብ ግፊያ ያጠኑ ባለሙያዎች እንደሚሉት በአንድ ካሬ ሜትር 4 እና 5 ሰው ሲደርስ አደጋ ተቃርቧል። 6 እና 7 ሲሆን ሰው በራሱ እግር መሄዱ ይቀርና እንደ ጎርፍ ውሃ ይወሰዳል። ሰው በግፊያ የሚሞተው በአብዛኛው ተረግጦ አይደለም፤ ደረቱ ተጨፍልቆ፣ መተንፈስ አቅቶት፣ እንደ ቆመ ነው።

በሩስ? በእንግሊዝ አገር ለስታዲየሞች የተዘጋጀው የደህንነት መመሪያ አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሜዳማ መውጫ በደቂቃ ቢበዛ 82 ሰው ያልፋል ይላል። የእኛ በር 2 ሜትር ናት እንበል። በደቂቃ 164 ሰው መሆኑ ነው። 9,500ው ሰው ወጥቶ ለማለቅ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ያውም ሳይገፋፋ፣ ሳይደነግጥ፣ ሳይሰክር! ያው መመሪያ ደግሞ በአደጋ ጊዜ ሕዝቡ ቢበዛ በ8 ደቂቃ ውስጥ መውጣት አለበት ይላል። ለዚህ ባለ 2 ሜትር በር 8 ያስፈልጋል። በየከተማችን የሚታጠረው ሜዳ ስንት በር አለው? አንባቢ በመጪው በዓል ራሱ ሄዶ ይቁጠር።

“ቲኬት የምንቆርጠው ለጸጥታ ነው፣ ዱርዬ እንዳይገባ ነው” ይሉናል። ለመሆኑ ይህ እውነት ነው? ትኬቱ የሚለየው ብር ያለውንና የሌለውን ነው። ጨዋውን ከዱርዬው አይለይም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። እኛ በተገኘንበት በር ላይ ግን ዕድሜውን የተጠየቀ አንድም ጎረምሳ አላየንም። ትኬት ይጠየቃል፣ መታወቂያ አይጠየቅም። ታዲያ የትኛው ጸጥታ ነው የተጠበቀው?

አጥር ምን እንደሚሠራ ዓለም በደም ተምሮታል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1989 በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ፣ ሂልስቦሮ በሚባለው ስታዲየም፣ ተመልካቹ ወደ ሜዳ እንዳይገባ በታጠረው የብረት አጥርና ከኋላ በገባው ሕዝብ መካከል ተጨፍልቆ 97 ሰው ሞተ። ፖሊስ ወዲያው ምን አለ? “ሰክረው ነው! ትኬት የሌላቸው ናቸው!” አለ። ቤተሰቦቻቸው 27 ዓመት ታገሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሞቱን ምክንያት የመረመሩ የጁሪ አባላት ጥፋቱ የተመልካቹ እንዳልሆነ፣ ሟቾቹም በሕገ ወጥ መንገድ እንደተገደሉ ወሰኑ። ይህቺን “ሰክረው ነው” የምትል ቃል ልብ በሉልን። ቢራ በሚሸጥበት ሜዳ አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የምትወጣው ቃል እሷ ናት። ቢራውን የሸጠው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ አይኖርም!

ከእኛስ አገር? መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የኢሬቻ በዓል በሚከበርበት ቦታ አስለቃሽ ጭስ ሲተኮስ ሕዝቡ የሚሸሽበት አጥቶ ቦይ ውስጥ ተደራረበ። መንግሥት ከ50 በላይ ሰው መሞቱን አመነ፤ ተቃዋሚዎች ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይልቃል አሉ። እዚያ ትኬት አልነበረም፣ ቢራም አልነበረም። ግን ትምህርቱ ያው ነው። ብዙ ሕዝብ ያለበትን ቦታ አስተዳድራለሁ የሚል አካል በመጀመሪያ ማሰብ ያለበት ሕዝቡ በየት ይወጣል የሚለውን ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል ሌላውን ወገንም እንይ። መግቢያውን ነፃ ማድረግ ብቻውን ግፊያን አያስቀርም። እ.ኤ.አ. በ1810 በንጉሣውያን ሠርግ የተጀመረው የጀርመኑ የሙኒክ የቢራ በዓል የዓለም ትልቁ ነው፤ መግቢያው በነፃ ነው። ሆኖም እኛ መስቀልን ባከበርንበት ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሕዝቡ ከልክ በላይ ስለበዛ መግቢያዎቹን ለጊዜው ዘግተው ነበር። እንግዲህ እዚያም ግፊያ አለ። ልዩነቱ “ሞልቷል፣ በቃ” የሚል ኃላፊ መኖሩ ላይ ነው። በትኬት የሚነግድ ሰው ግን “ሞልቷል” የምትለዋን ቃል እንዴት ከአፉ ያውጣት? እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው ለእሱ ተጨማሪ ብር ነው። ያገራችን ሰው “ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል” ይላል፤ የአዘጋጆቻችንን ሆድ ግን ብቅሉ ሳይሆን በሩ ነው ያወጣው።

ጋሞ ስለ ሕዝብ መሰብሰብ ከሌላ መማር የሚያስፈልገው ሕዝብ አይደለም። ዱቡሻ አለው። ዱቡሻ አገር የሚመክርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት የአደባባይ ሜዳ ነው፤ ቆርቆሮ አያውቅም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ በወገኖቻቸው ላይ በደረሰው ግድያ የተቆጣ ወጣት አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲወጣ፣ ያን ማዕበል ያቆመው ምን ነበር? የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱ ቆመ። አገር በሙሉ አየ፣ አደነቀ። እንዲህ ያሉ አባቶች ባሉበት አገር ወደ ቤታቸው የሚያልፉ ሽማግሌን “ትኬት ይዘዋል?” ብሎ መመለስ ከነውርም በላይ ነውር ነው።

ቢራ አይሸጥ፣ ዘፋኝ አይምጣ አላልንም። የገረሴ ወጣትም እንደ ማንኛውም ወጣት መጨፈር ያምረዋል። ነጋዴም ይነግድ። የምንለው ግልጽ ነው።

አንደኛ፣ የሕዝብ ሜዳ የሚከራይ ከሆነ ማዘጋጃ ቤቱ ውሉን ሕዝብ በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። በስንት ተከራየ? ገንዘቡ የት ገባ? ሁለተኛ፣ ሜዳው የሚይዘው ሰው ቁጥር አስቀድሞ ይታወቅ፣ ከዚያ በላይ አንድ ትኬት እንዳይሸጥ። ሦስተኛ፣ መውጫ በሮቹ ሳይቆጠሩና ሳይለኩ፣ አምቡላንስ ሳይቆም ፈቃድ አይሰጥ። አራተኛ፣ ከ21 ዓመት በታች ያለውን የሚለይ ሰው በር ላይ ይቁም። አምስተኛ፣ ዓመት በዓሉ ራሱ፣ አዳዲስ ሙሽሮች ወደ ገበያ የሚወጡበት፣ ሕዝቡ የሚዘፍንበት ሜዳ ፈጽሞ አይታጠር። የቢራ ነጋዴ ቦታ ከፈለገ ከከተማው ዳር ይከራይ።

ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም፣ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያም አያስፈልግም። ሜትርና እርሳስ ይበቃል፤ ፈቃዱ ካለ። የዞንም የወረዳም ባለሥልጣናት አደጋ ከደረሰ በኋላ የሐዘን መግለጫ ከማንበብ፣ አሁን ወጣ ብለው በሩን ቢለኩ ይሻላል። “አልሰማንም” እንዳይሉ ይኸው ጻፍነው።

የገረሴ እናት ቦርዴዋ ሳይኮመጥጥ ጎረቤቷን ትጠራለች። በዓሉም እንደ ቦርዴው ነው፤ ብቻውን የያዘው ሰው እጅ ላይ ይበላሻል።

ልብ ያለው ልብ ይበል!