ሁለት ቢሊዮኑ የት ገባ? ሎተሪን ባንዴ መውሰድ ወይስ በ30 ዓመት?

(በዚህ ጽሑፍ "ዓ.ም." ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በኖቬምበር 2022 መጀመሪያ ላይ የፓወርቦል ጃክፖት 2 ቢሊዮን ዶላር ሲጠጋ፣ በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ያለን ሐበሾች በሙሉ እያዋጣን ትኬት ገዛን። እጣው ሳይወጣ ግን ክርክር ተነሣ። ግማሹ "ቢደርሰን ባንዴ ነው የምንቀበለው" አለ። ሌላው ደግሞ "ለምን ብለን? ባንዴ ከወሰድን እኮ ግማሹን ለመንግሥት ተውንለት ማለት ነው፤ በየዓመቱ ይስጡን" ብሎ ተከራከረ። በመጨረሻ ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩና "ጋሼ፣ እርስዎ ጋዜጠኛ ነበሩ፣ እስቲ ይፍረዱ" አሉኝ።

ያን ሌሊት የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። ትኬታችንም አልወጣም። እጣው ካሊፎርኒያ፣ አልታዲና ውስጥ ለተሸጠ አንድ ትኬት ደረሰ። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝምና ቁጭ ብዬ ቁጥሩን አገላበጥኩት። ያገኘሁት ነገር ቢኖር ክርክራችን ከመነሻው የተሳሳተ መሆኑን ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልናዘዝ። አገር ቤት በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት ሠርቻለሁ። በዚያ ዘመን የአምስትና የአሥር ዓመት እቅድ ድምር ተሰብስቦ፣ ዛሬ እንደተገኘ ሀብት በትልቅ ርዕስ ይወጣ ነበር። ውሸት ነው እንዳይባል ቁጥሩ በእቅዱ ላይ አለ። እውነት ነው እንዳይባል ደግሞ ሕዝቡ እጅ አልገባም። እንዲህ ያሉ ርዕሶችን በራሴ እጅ ያወጣሁ ሰው ስለሆንኩ፣ የፓወርቦልን ማስታወቂያ ጠጋ ብዬ ሳየው ዘዴውን ወዲያው ነው ያወቅሁት።

ያኔ የታወጀው 2 ቢሊዮን 40 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለአሸናፊው ዝግጁ የነበረው ገንዘብ ግን 997 ሚሊዮን 600 ሺህ ዶላር ነው። "ካሽ ቫልዩ" የሚሉት ይህንን ነው። ታዲያ ቀሪው አንድ ቢሊዮን ከየት ይመጣል? ከወለድ ነው። አሸናፊው አኑዊቲ የሚባለውን ዓመታዊ ክፍያ ከመረጠ፣ በዚያው ገንዘብ የመንግሥት ቦንድ ይገዛለታል። ቦንዱ እየወለደ በ29 ዓመት ውስጥ ሁለት ቢሊዮን ይሞላል። ክፍያው 30 ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ወዲያውኑ ይሰጣል፣ ቀሪው 29 በየዓመቱ ይመጣል፤ እያንዳንዱም ካለፈው ዓመት 5 በመቶ ይጨምራል። በዚህ ስሌት የ2022ቱ እጣ የመጀመሪያ ክፍያ 30.7 ሚሊዮን፣ የመጨረሻው ደግሞ 126 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ባንዴ የሚወስድ ሰው ግማሹን ለመንግሥት አልተወም። ገና ያልተወለደ ወለድ ነው የተወው። አሸናፊውም ባንዴ መውሰዱን መረጠ።

ማስረጃ ካስፈለገ ሁለት እጣዎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በጃንዋሪ 2021 ሚሺጋን ውስጥ የደረሰው የሜጋ ሚሊዮንስ እጣ 1 ቢሊዮን 50 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ታወጀ። ካሹ 776.6 ሚሊዮን ነበር። ከተነገረው ከእያንዳንዱ ዶላር 74 ሳንቲሙ በእጅ ያለ ገንዘብ ነበር ማለት ነው። በ2022ቱ የፓወርቦል እጣ ግን 49 ሳንቲም ብቻ ሆነ። በመካከሉ ምን ተፈጠረ? የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመዋጋት በ2022 ወለድን ደጋግሞ ከፍ አደረገ። ወለድ ከፍ ሲል ያው ካሽ ትልቅ ርዕስ ያወጣል። መንገድ ዳር የተሰቀለው ቁጥር ሲያብጥ፣ የገዢው ብዛት ብቻ ሳይሆን የቦንድ ገበያውም እጅ አለበት።

ይህን ለእኛ ሰው ለማስረዳት ከእቁብ የተሻለ ምሳሌ የለም። በ20 ሰው እቁብ መጀመሪያ የወጣለትና መጨረሻ የወጣለት የሚቀበሉት ብር እኩል ነው፤ ጥቅሙ ግን እኩል አይደለም። ለዚህ ነው የቸኮለ ሰው ገንዘብ ጨምሮ የሌላውን እጣ የሚገዛው። በካሽና በአኑዊቲ መካከል ያለውም ያው የተራ ልዩነት ነው። ቀድሞ የወሰደ ያንሳል፣ የጠበቀ ይበዛል።

ጠብቆ ስንት ይገኛል? የሁለቱን እጣዎች ክፍያ ስናሰላው፣ የ2021ዱ አኑዊቲ በዓመት 1.7 በመቶ ገደማ፣ የ2022ቱ ደግሞ 4.4 በመቶ ገደማ የሚያተርፍ ነበር። በ2021 "ካሹን ውሰድ" ብሎ መምከር ቀላል ነበር። ወለድ ከፍ ባለበት ጊዜ ግን ምክሩ እንደ ቀድሞው አይቀልም።

ታክሱም አለ። ካሽ የወሰደ ሰው ሲከፈለው 24 በመቶ ለፌዴራል መንግሥት ይቆረጥበታል። ብዙ ሰው ነገሩ እዚያ ያለቀ ይመስለዋል። ከፍተኛው እርከን ግን 37 በመቶ ስለሆነ፣ ቀሪው 13 በመቶ ታክስ ሲሞላ ይጠየቃል። ከ997.6 ሚሊዮኑ ላይ 37 በመቶው ሲነሣ 628.5 ሚሊዮን ገደማ ይቀራል። ያውም ካሊፎርኒያ የራሷን ሎተሪ ታክስ ስለማታደርግ ነው። ቴክሳስና ፍሎሪዳም የስቴት ገቢ ግብር የላቸውም። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ወይም ሚኔሶታ ያለን ግን ለስቴቱም እንከፍላለን፤ ኒውዮርክ ከተማ የሚኖር ደግሞ ለስቴቱም ለከተማውም ይከፍላል።

በአኑዊቲ በኩል ታክስ የሚከፈለው በየዓመቱ በእጅ በገባው ላይ ብቻ ነው። ገና ያልተከፈለው ገንዘብ ሳይቀነስበት እየሠራ ይቆያል። ካሹን ወስዶ ራሱ የሚያሠራ ሰው ግን በየዓመቱ ከሚያገኘው ወለድ ላይም ታክስ ይከፍላል። ስለዚህ 4.4 በመቶውን ለመስተካከል ሙሉ ታክስ በሚከፈልበት ወለድ 7 በመቶ ገደማ ማግኘት አለበት። በሌላ በኩል 30 ዓመት ረጅም ነው፣ የታክስ ሕግም ይለወጣል። በ1980 የፌዴራል ከፍተኛው እርከን 70 በመቶ እንደነበር መርሳት አይገባም።

እዚህ ላይ "ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ለፈረንጅ ነው፤ እኛ መንግሥት በ30 ዓመት ይሰጠናል ብለን እንጠብቅ?" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ፍርሃታችን ከባዶ አልመጣም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ያየ ትውልድ አለን። በ1992 ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲዘል ቁጠባው የቀለጠበት ሰው አለን። በጁላይ 2024 ብር ለገበያ ሲለቀቅ በአንድ ቀን ከ57 ወደ 74 ብር ገደማ ሲደርስ፣ በጡረታ የሚኖሩ ወላጆቻችን ምን እንደደረሰባቸው በስልክ ሰምተናል። "ላም አለኝ በሰማይ" የሚለው ተረት ለእኛ ተረት ብቻ አይደለም።

አሜሪካም ቢሆን ንጹሕ አይደለችም። በ2015 የኢሊኖይ ስቴት በጀት ሳያጸድቅ ሲቀር፣ መጀመሪያ ከ25 ሺህ፣ ቀጥሎም ከ600 ዶላር በላይ የደረሳቸው የሎተሪ አሸናፊዎች "ቆይታችሁ ተቀበሉ" ተብለዋል። ክፍያው የተለቀቀው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሕግ አውጪዎቹ ከተስማሙ በኋላ ነው። የጃክፖቱ አኑዊቲ ግን የሚለየው የአንድ ዓመት በጀት ስለማይጠብቅ ነው፤ ቦንዱ ከመነሻው ተገዝቶ ይቀመጣል። አሸናፊው ቢሞት ቀሪው ለወራሾቹ ይተላለፋል። የዋጋ ንረትንም በተመለከተ፣ በየዓመቱ የሚጨመረው 5 በመቶ ለዚያው ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ "ግማሹን ወይስ ሙሉውን?" አይደለም። "ገንዘቡን ለ30 ዓመት ማን ይጠብቀው?" ነው።

ከመቶ 70 የሚሆኑ የሎተሪ አሸናፊዎች ይከስራሉ የሚል ወሬ በየጊዜው ይነበባል። የወሬው ምንጭ ተብሎ ሲጠቀስ የኖረው የአሜሪካ ብሔራዊ የፋይናንስ ትምህርት ድርጅት፣ ቁጥሩ የእኔ አይደለም ብሎ በ2018 አስተባብሏል። እውነተኛ ጥናት ግን አለ። በ2011 የታተመ የፍሎሪዳ ጥናት፣ ከ50 እስከ 150 ሺህ ዶላር የደረሳቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ለኪሣራ የመዳረግ ዕድላቸው ቢቀንስም፣ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ዓመት ግን መልሶ እንደጨመረ አሳይቷል። ባንዴ የመጣው ገንዘብ ችግሩን አላጠፋውም፣ ቀጠሮ ነው የሰጠው።

በእኛ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ስልኩ። እኛ ሰዎች በ15 ዶላር የሰዓት ደሞዝ የወንድም ልጅ እናስተምራለን፣ የአክስት ሕክምና እንከፍላለን። መቶ ሚሊዮን ባንክ አስቀምጦ "የለኝም" ማለት የሚችል ሐበሻ ካለ ያሳዩኝ። ካሹን የወሰደ ሰው ለዘመዱ፣ ለእድሩ፣ ለሠርጉ፣ ለፓርቲው መዋጮ ሁሉ አንድ በአንድ እምቢ ማለት አለበት። አኑዊቲ የመረጠ ግን "የዘንድሮውን ጨርሻለሁ፣ ለከርሞ" ይላል፤ ያውም እውነቱን ነው። በጀት ያለው ሰው ዘመዱን ለብዙ ዓመት ይረዳል። ባንዴ የበተነ ግን በአምስተኛው ዓመት ራሱ ተረጂ ይሆናል።

ስለዚህ የዘገየው ፍርዴ ይኸውና። ገንዘብ ማሠራት የሚያውቅ፣ ጥሩ የሕግና የታክስ ባለሙያ የያዘ፣ እምቢ ማለትም የሚችል ሰው ባንዴ ይውሰድ። ወለድ ዝቅ ባለበት ጊዜም እንዲሁ። እንደ እኔ ስልክ በጠራ ቁጥር ልቡ የሚርድ ሰው ግን ዓመታዊውን ይምረጥ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በጋራ የምትገዙም ማን ምን ያህል እንዳዋጣና ክፍያው በየትኛው መንገድ እንደሚወሰድ አስቀድማችሁ በወረቀት አስፍሩ፣ የትኬቱን ፎቶ ለሁሉም ላኩ። ከ2 ቢሊዮን በፊት የሚፈርሰው ወዳጅነት ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ አንድ የፓወርቦል ትኬት ጃክፖቱን የማግኘት ዕድሉ ከ292,201,338 አንድ መሆኑን ለልጆቹ አልደበቅኳቸውም። "ጋሼ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አሰሉት?" አሉኝ። ስሌቱ ከሎተሪ ውጭም ይሠራል። ነገ መሥሪያ ቤቱ "ጡረታህን ባንዴ ትወስዳለህ ወይስ በየወሩ?" ሲላችሁ፣ የመኪና አደጋ ካሣ ሲመጣ፣ የጥያቄው ዓይነት ይኸው ነው። ያን ቀን የሚነገራችሁን ትልቅ ቁጥር አትመልከቱ፤ ዛሬ በእጅ ያለው ስንት ነው፣ ቀሪው ከየት ይመጣል ብላችሁ ጠይቁ።

ቸር ይግጠመን።