የሥዕሉ ዳር

ሰው ሥዕል ባየ ጊዜ ዓይኑ በመካከሉ ባለው መልክ ላይ ያርፋልና ዳሩን አስተውሎ የሚመለከት ጥቂት ነው። ነገር ግን አባቶቻችን በእንጨት ላይ በሣሉት ሥዕለ አድኅኖ ዘንድ ዳሩ የሥራው አንድ ክፍል እንጂ በኋላ የተጨመረ ጌጥ አይደለም።

ዛሬ በገበያ የምናገኘው ክፈፍ ለብቻው ተሠርቶ በሥዕሉ ዙሪያ ይገጠማል። የጥንቱ ጠራቢ ግን አንድ ወጥ ሳንቃ፥ ብዙውን ጊዜ ዋንዛ ወይም ወይራ፥ ወስዶ መካከሉን በመሮ ዝቅ ያደርገዋል፤ ዳሩን ከፍ እንዳለ ይተወዋል። ዝቅ ያለው ስፍራ ጄሶና ሙጫ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ መልኩ ይሣልበታል። በዳሩም ላይ መስመርና ጥልፍልፍ ይወጣል፤ ይህም በብራና መጻሕፍት ገጽ ላይ ለምናየው ሐረግ ወንድሙ ነው። ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) አንሥቶ የተሠሩ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች በየገዳማቱ አሉ፤ በአዲስ አበባም በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር ተጠብቀው ይገኛሉ።

የዳሩ ጥቅም ምንድር ነው ቢሉ፥ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ተካፋች ሥዕል በታጠፈ ጊዜ ዳር ከዳር ይገናኛል እንጂ ቀለም ከቀለም አይፋተግም። ሁለተኛው፥ ክንፎቹን የሚያያይዘው ክር የሚያልፈው በዳሩ በተበሳው ቀዳዳ ነው።

እንግዲህ ከአያት የወረደ ሥዕል ያለው ቤተሰብ፥ «በመስተዋት ይግባ» ብሎ ወደ አናጢ በወሰደው ጊዜ ይጠንቀቅ። ሥዕሉ ለአዲሱ ክፈፍ አልበቃ ቢል ዳሩን በመጋዝ መቁረጥ ወይም በመላጊያ መላግ ይመጣልና። በዚያን ጊዜ ሐረጉ ይጠፋል፤ የክሩ ቀዳዳ ይጠፋል፤ ሥዕሉ ክንፍ የነበረው መሆኑን የሚያስረዳ ምልክት አይቀርም፤ ጄሶውም ከተቆረጠበት ጀምሮ ይፈረፈራል። ክፈፉ በሥዕሉ ይለካ እንጂ ሥዕሉ ለክፈፉ አይቆረጥ።

ስለ ጽዳቱም አንድ ቃል እንጨምር። ጄሶና ሙጫ ውኃ ሲነካቸው ይላላሉና ሥዕሉም ዳሩም በእርጥብ ጨርቅ አይታሹ። ቀለሙ ጽኑ ከሆነ አቧራውን በለስላሳና ደረቅ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል፤ የተላጠ እንደሆነ ግን ሳይነኩ ዐዋቂ መጠየቅ ይሻላል።

ልጆቻችሁም ሥዕሉን በሚሳለሙበት ጊዜ ዳሩን አሳዩአቸው። ያወቁትን ነገር ነገ ለመጋዝ አሳልፈው አይሰጡትም።